ጭራቁን ማን ገደለው?

የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። ሳሎን ተቀምጬ ዜና ልሰማ ብሞክርም ከዝናቡ ጩኸት የተነሣ የጋዜጠኛው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚታየኝ። ድንገት የልጆቹ ክፍል በር ተበረገደና የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ እያለቀሰች ወጣች። ደነገጥኩ። መርዶ የሰማች ነበር የምትመስለው።

«ምን ሆንሽ?»

«በትሬን ለሌላ ሰው ሰጡብኝ፣ አባዬ!»

የምን በትር? በቤታችን ያለው በትር የእናቴ ምርኩዝ ብቻ ነው። እሱም በሩ ሥር ተደግፎ ቆሟል። በትሩ ያለው እዚያ ውስጥ፣ በኢንተርኔት በሚጫወቱት ጌም ውስጥ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሲገባኝ ደግሞ ሳቅሁ። «ለሌለ በትር ነው እንዴ እንዲህ የምታለቅሺው?» አልኳት። ልጄ መልስ አልሰጠችኝም። ሄዳ ከአያቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ሳቅ ነው።

የምንኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ተራራው ከግቢያችን በሚታይበት ሰፈር ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ክረምት ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ «ወደ ሐይቁ ዳር ውጡ፣ ተራራውን ውጡ» ብንላቸውም ዝናቡና ጭቃው ምክንያት ይሆናቸዋል። ማታ ማታ ትልቁ በአሮጌው ላፕቶፕ፣ ሌሎቹ በሞባይል ተሰብስበው ይጫወታሉ። ሁለት የሰፈር ጓደኞቻቸውም ከየቤታቸው ሆነው ይገቡላቸዋል። አምስት ይሆናሉ።

እንደ እኔ ነገሩ ላልገባችሁ ወላጆችና አያቶች በአጭሩ ላስረዳ። በዚህ ዓይነት ጌም እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ይገባል። አንዱ ጋሻ ይዞ ከፊት ቆሞ ይመታል፤ ማለትም ዱላውን ይቀበላል። ሌሎቹ ያጠቃሉ። አንዱ ደግሞ ከኋላ ሆኖ የቆሰሉትን ያድናል። ልጆቹ «ሂለር» ይሉታል፣ እኔ ሐኪም እለዋለሁ። አምስቱ ተባብረው ትልቁን ጭራቅ ሲገድሉ ከጭራቁ ምርኮ ይወድቃል። ሰይፍ ሊሆን ይችላል፣ የራስ ቁር ሊሆን ይችላል፣ በትር ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የወደቀው በትር አንድ ነው፣ የደከመው ሰው አምስት።

ትልቁ ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አጥቂ ነው። ስክሪኑ ላይ ማን ስንት እንደመታ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ፣ ዓይኑ ከእሱ አይነቀልም። ልጅቷ ሐኪም ናት። ትንሹ፣ የዘጠኝ ዓመቱ፣ ከሁለቱም አይደለም። ጦርነቱ ሲጀመር እሱ የለም፤ በጌሙ ዓለም ውስጥ ዋሻ ለዋሻ ይዞራል፣ የተዘጋ በር ሲያይ ይከፍታል፣ ገደል ሲያይ ይዘላል። ወደ ጭራቁ ጎሬ የሚያስገባውን የኋላ መንገድ ያገኘላቸው ግን እሱ ነው።

የቡድኑ መሪ ትልቁ ልጄ ስለሆነ ምርኮ የሚያከፋፍለውም እሱ ነው። ሕጋቸው ቀላል ነበር፤ በሰንጠረዡ ላይ አንደኛ የወጣ ይወስዳል። ያን ምሽት የወደቀው በትር ለአስማተኛ አጥቂም ለሐኪምም የሚሆን ነው። ልጄ እንዲህ ያለ በትር ስትጠብቅ ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ወንድሟ ግን ሰንጠረዡን አይቶ ለአንዱ ጓደኛው ሰጠው። የእሷ ቁጥር ከታች ነበር። ሰው ማዳን በዚያ ሰንጠረዥ አይቆጠርም።

ልጄን ጠርቼ ስጠይቀው «አባዬ፣ ሕጉ ሕግ ነው» አለኝ። እኔም «እውነቱን ነው፣ የሠራ ይውሰድ» ብዬ ፈረድኩና ወደ ዜናዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ጌሙን ተወችው። እኔ ደስ አለኝ፣ መጽሐፍ ልታነብ ነው ብዬ። አራቱ ግን በማግስቱ ወደዚያው ጭራቅ ሄዱና ሁሉም ሞቱ። በሦስተኛው ቀንም ሞቱ። ጋሻ ያዡ ይወድቃል፣ ቀጥሎ አጥቂው፣ ቀጥሎ ሁሉም። በአራተኛው ቀን ትልቁ ልጄ መጥቶ «አባዬ፣ እባክህ እንድትጫወት ንገራት» አለኝ። ልጁን ጌም ተጫወት ብሎ የሚያዝ አባት ሰምቼም አይቼም አላውቅም። ግን ነገሩ ከነከነኝ። ቁጥሯ ከታች የነበረች ልጅ ስትወጣ ቤቱ ሁሉ የሚፈርሰው ለምንድን ነው?

ኮምፒውተር የሚጠግን የእህቴ ልጅ አለ። እሑድ ለቡና ሲመጣ አጫወትኩት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የዓለም ጭቅጭቅ ነው» ብሎ ሳቀና የሚነበብ ነገር አሳየኝ። በዕድሜዬ ስለ ጌም አንብቤ አላውቅም ነበር። ያን ሳምንት አነበብኩ።

ብዙ ሰው አብሮ ከሚገባባቸው የኮምፒውተር ጨዋታዎች ከቀደምቶቹ አንዱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሮይ ትሩብሾ እና ሪቻርድ ባርትል የተባሉ ተማሪዎች ናቸው የሠሩት። ሥዕል አልነበረውም፣ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ነው። ባርትል ተጫዋቾችን ለዓመታት ሲመለከት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ጽሑፍ በአራት ከፈላቸው። አንዳንዱ ነጥብና ማዕረግ ይሰበስባል። አንዳንዱ አገር ያስሳል። አንዳንዱ የሚገባው ከሰው ጋር ለመሆን ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሌላውን ለማሸነፍ። ይህን ሳነብ የማነበው ስለ እንግሊዝ ተማሪዎች መሆኑን ረሳሁት። ስለ ሦስቱ ልጆቼ ነበር የሚመስለኝ።

ምርኮ የማከፋፈሉ ጣጣም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ኤቨርክዌስት በተባለው ጌም ብዙ ሰው ተሰብስቦ አንድ ዘንዶ ይገድላል፤ የሚወድቀው ዕቃ ግን ጥቂት ነው። ተጫዋቾቹ ራሳቸው መላ ፈጠሩ፤ ለዘመቻ የተገኘ ሁሉ፣ መታም አዳነም፣ ነጥብ ይያዝለታል። የሚፈልገው ዕቃ ሲወድቅ ባጠራቀመው ነጥብ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ደግሞ ዕቃው ሲወድቅ ለእያንዳንዱ ሰው ምርጫ ይቀርብለታል፤ «ያስፈልገኛል»፣ «ብወስደው ደስ ይለኛል»፣ «ይለፈኝ» እንደማለት ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ብቻ ከአንድ እስከ መቶ ዕጣ ይጥላሉ። በ2012 የወጣው ዲያብሎ 3 ጭራሽ ጭቅጭቁን ከሥሩ ልንቀለው ብሎ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ምርኮ ለብቻው አወረደለት፤ የአንዱን ሌላው አያየውም። ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍትም በ2018 ወደዚህኛው ዞረ። ተጫዋቾች ግን «ለእኔ የማይረባኝን ዕቃ ለሚያስፈልገው ጓደኛዬ መስጠት እንኳ ተከለከልኩ» ብለው አጉረመረሙ፤ በ2022 በትላልቆቹ ዘመቻዎች የጋራ ዕጣው ተመለሰ።

እንግዲህ ሥራቸው ይሄ የሆነ ሰዎች ስንት ዓመት ሠርተው ሲያፈርሱት ካየሁ፣ እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር መፍረዴ አሳፈረኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ቡና ተፈልቶ ሁሉም እንዲቀመጡ አደረግሁ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። «የእኛ ሰው ይህን ያለ ኮምፒውተር ፈትቶታል» ብዬ ጀመርኩ። «ቅርጫ አታዩም? በሬ ይገዛል፣ ይታረዳል። ሥጋው በየመደቡ ሲደለደል ከእያንዳንዱ ብልት፣ ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም በየመደቡ ይገባል። ከዚያ ዕጣ ይጣላል። ደልዳዩ የትኛው መደብ ለማን እንደሚደርስ ስለማያውቅ ማዳላት አይችልም።» እናቴ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እኔም ኮራሁ።

ትልቁ ልጄ ግን ዝም አላለም። «አባዬ፣ በቅርጫ ሁሉም እኩል ብር ከፍሏል። እኛ ጋ ግን እኩል አንመታም።»

እውነትም ጥሩ ጥያቄ ነው። ለአፍታ መልስ አጣሁ። እህቱ ናት የመለሰችለት። «አንተ በመምታት ከፈልክ፣ እኔ ሰዓቴን ከፈልኩ። እኔ ባላድንህ ስንቴ ትመታ ነበር?»

ያኔ የእህቴ ልጅ የኤቨርክዌስቱን መላ አመጣ። «በመገኘት ይሁን። በየምሽቱ የተገኘ ነጥብ ይያዝለት።» ትልቁ ተስማማ። ትንሹ ተስማማ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ስኒዬን አነሣሁ።

«እንደዚያ ከሆነ እኔ ሁልጊዜ እጎድላለሁ» አለች ልጄ።

«ለምን?»

«ሁለት ሰዓት ላይ ስትጀምሩ እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነው።»

ከጀበናው በስተቀር ድምፅ የሚያሰማ አልነበረም።

ባለቤቴ በሆስፒታል ትሠራለች፤ የማታ ተራ አላት። እሷ በሌለችባቸው ምሽቶች እራት የሚያነሣ፣ ዕቃ የሚያጥብ ማን እንደሆነ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ቆጥሬው አላውቅም። የእናቴን የደም ግፊት ክኒን በሰዓቱ የምትሰጠው እሷ ናት። ውኃ ሌሊት ሲመጣ ተነሥታ ጀሪካን የምትሞላው እሷ ናት። ትንሹን የቤት ሥራ የምታሠራው እሷ ናት። ሰኔ ላይ የትምህርት ቤት ካርድ ሲመጣ ትልቁ ከክፍሉ ሁለተኛ ስለወጣ ብስክሌት ገዛሁለት። እሷ ዘጠነኛ ወጣች። «ጎበዝ፣ በርቺ» አልኳት። የእኔም ሰንጠረዥ ሰው ማዳንን የሚቆጥርበት ቦታ አልነበረውም።

እናቴ ፍንጃሏን አስቀምጣ «የቤት ሥራ እኮ የሚታየው ሳይሠራ የቀረ ቀን ነው፣ ልጄ» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ስልሳ ዓመት ሙሉ ማን ቆጥሮላት ይሆን?

በዚያ ሰዓት አንድ የረሳሁት ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ፣ በቡሄ፣ በዚሁ በታቦር ተራራ ሥር ባሉት ሰፈሮች ሆያ ሆዬ እየጨፈርን እንዞር ነበር። ድምፄ ስለማያምር የሙልሙሉን ከረጢት እንድሸከም ተደረግሁ። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ጨለማ፣ ከረጢቱ እንዳይረጥብ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ዞርኩ። ሲካፈሉ ግን ግጥም አውራጁ ሁለት ሙልሙል ወሰደ፣ ተቀባዮቹ አንዳንድ ወሰዱ፣ ለእኔ ግማሽ ሰጡኝ። «አንተ አልጨፈርክማ!» አሉኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ያንን ግማሽ ሙልሙል አልረሳሁትም። የልጄን በትር ግን «የሌለ በትር» አልኩት። ሙልሙሉም እኮ ቢሆን በማግስቱ የለም። የሚቀረው «አንተ አልጨፈርክም» የሚለው ቃል ነው።

ለልጆቹ ይህን ነገርኳቸው። ለልጄም ይቅርታ ጠየቅኋት። አባት ልጁን በሁሉም ፊት ይቅርታ ሲጠይቅ የቤቱ አየር እንዴት እንደሚለወጥ የሞከረው ያውቀዋል።

ከዚያ ሕግ ወጣ፤ ያወጡት ልጆቹ ናቸው። ዕቃ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው «አሁን ለማን ይጠቅማል?» ነው። የሚጠቅማቸው ከአንድ በላይ ከሆኑ ዕጣ ይጥላሉ። አንዴ የደረሰው በሚቀጥለው ከኋላ ይሰለፋል። መንገድ ያገኘ ሰው ጦርነት ላይ ባይኖርም ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ ይህቺን ያስጨመረው ትንሹ ነው። ሰንጠረዡን ማየት አልተከለከለም፣ ምርኮ ማከፋፈያነቱ ብቻ ቀረ።

የቤቱን ሕግ ደግሞ ከባለቤቴ ጋር አወጣን። ዕቃ ማጠብ በተራ ሆነ። ተራው እኔንም ይጨምራል። ጌሙም የሚጀመረው ወጥ ቤቱ ከጸዳ በኋላ ነው። የሚገርማችሁ፣ ሦስቱም ሲረባረቡበት ወጥ ቤቱ በአሥራ አምስት ደቂቃ ይጸዳል።

አንድ ነገር ግን ሳልቸኩል መጠየቅ ነበረብኝ። ልጄን ለብቻዋ አስቀምጬ «ላንቺስ ምን ልግዛልሽ?» አልኳት። ብስክሌት ትላለች ብዬ የኪሴን ሳሰላ ቆይቻለሁ።

«ምንም አልፈልግም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእኔ ይሁን። ማንም አይጥራኝ።»

«በቃ?»

«ደግሞ ለእማማ ክኒን ስለሰጠሁ ገንዘብ እንዳትሰጠኝ። እሱ ሥራ አይደለም።»

ይህ መልስ ብዙ አስተማረኝ። እኔ የፍትሕ ችግሩ የመጠን ይመስለኝ ነበር፤ ለአንዱ በዛ፣ ለሌላው አነሰ። ለካ የዓይነትም ነው። ለትልቁ ቁጥር ያስደስተዋል፤ ለእሱ ካርዱና ብስክሌቱ ትክክለኛ ዋጋ ነበሩ፣ አልጸጸትባቸውም። ለእሷ ግን የሚሻለው ማረፊያ ነው። ለትንሹ ምን እንደምሰጠው ስጠይቀው «የማታውቁት በር አግኝቻለሁ፣ ሁላችሁም ተከተሉኝ» አለኝ። አንድ ምሽት ጭራቅ መግደሉን ትተው ተከተሉት። እኔም ከኋላቸው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በሩ ወደ አንድ ባዶ ጓሮ ነበር የሚያወጣው፤ ምንም ምርኮ የለበትም። ልጁ ግን ያን ምሽት እንቅልፍ የወሰደው እየሳቀ ነው።

ሁሉም ነገር ማር ሆነ ብዬ አላታልላችሁም። ትልቁ ልጄ ጥቂት ቀን አኩርፎ ነበር። «ታዲያ ጉብዝና ዋጋ የለውም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጎበዝን ከሰነፍ እኩል ማድረግም በደል ነው። «ዋጋማ አለው፤ አንደኛ ስትወጣ ስምህ ከላይ ይጻፋል፣ እኛም እናጨበጭባለን። ግን ቆመህ እንድትመታ ያደረገህን ሰው ድርሻ አትወስድም» አልኩት። ሙሉ በሙሉ ያመነ አይመስለኝም። ብስክሌቱን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ለእህቱ ይሰጣታል። ማንም አላዘዘውም።

ሌላው የሚከብደኝ ደግሞ ቆጠራው ራሱ ነው። በቤት ውስጥ ሁሉን ነገር በነጥብ ከያዝን ፍቅር ወደ ደመወዝ ይለወጣል። ልጄ «እሱ ሥራ አይደለም» ስትል ያስጠነቀቀችኝ ይህንኑ ነው። ስለዚህ ነጥብ አንይዝም። ዞር ብለን ማየት ብቻ ነው የጀመርነው። እራት ላይ አንዳንዴ «ዛሬ ማን ማንን አዳነ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። አሁን ይመልሳሉ።

እናንተም ልጆቻችሁ ወይም የልጅ ልጆቻችሁ በእጅ በማይዳሰስ ዕቃ ተጣልተው ብታገኟቸው፣ እንደ እኔ ለመሳቅ አትቸኩሉ። ዕቃው ባይኖርም ጠቡ አለ። ቁጭ ብላችሁ «ምርኮው በምን ሕግ ነው የሚከፈለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሕጉን ከየት እንደተማሩት ስታስቡ ምናልባት እንደ እኔ ራሳችሁን ታገኙ ይሆናል።

ያንን ጭራቅ በመጨረሻ ገደሉት። በትርም ወደቀ፤ ከበፊቱ የተለየ ነው ይላሉ። በዕጣው ለልጄ ሳይሆን ለዚያው ለበፊቱ ልጅ ደረሰው። ጩኸት ስጠብቅ ሳቅ ሰማሁ። «የሚቀጥለው ላይ አንተ ከኋላ ነህ!» ትለዋለች።

በቡሄ ማግስት ትንሹ ልጄ ሙልሙል ይዞ ገባ፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እንዴት እንደተካፈሉ ጠየቅሁት። «እኩል» አለኝ። «ከረጢት የተሸከመውስ?» አልኩት። «ለእሱ አንድ ጨመርንለት። ከባድ ነበር፣ አባዬ።»

ልቀጥል እችል ነበር፤ ግን ከወጥ ቤት እየተጠራሁ ነው። የዛሬው ተራ የእኔ ነው።